ጥርስ ሳለ የደረሰ ዛፍ

እናቴ ሥራዬን ለሰው ስታስረዳ «ዛፍ ትጠብቃለች» ትላለች። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ያለው የቅመም ሱቃችን ከአያቷ ለአባቷ፣ ከአባቷ ለእሷ የተላለፈ ነው፤ ለእኔም እንደሚያልፍ ተማምና ነበር። እኔ ግን ግብርና ተማርኩና ከውጭ የሚመጡ የፍራፍሬ ዛፎች አገራችን ይስማማቸው እንደሆነ የሚሞክር መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። እውነት ለመናገር ሥራው ከመጠበቅ ብዙም አይለይም። ትተክያለሽ፣ ትጠብቂያለሽ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ሄደሽ ታያለሽ፣ ተመልሰሽ ትጠብቂያለሽ። እናቴ ማታ ማታ ሱቋን እየዘጋች «ዛሬስ አደገ?» ትለኛለች። «ትንሽ» እላታለሁ። «በርበሬ ቢሆን እስካሁን ተሽጦ ነበር» ብላ ቁልፉን ታዞረዋለች።

የዚያን ጊዜ የምጠብቀው ዛፍ ፔካን ይባላል። ሲያድግ ትልቅ ይሆናል፤ ለውዝ መሰል ፍሬ ይሰጣል። ፍሬው ሞላላ ነው፣ ቅርፊቱ ለስላሳና ቡናማ ነው፣ ሲሰበር ደግሞ ውስጡ ሁለት ገጽ ሆኖ የተጋጠመ ዘይታም ፍሬ ይወጣል። ጠላቱ እርጥበት ነው። ዝናብና ጉም በሚበዛበት አገር ጥቁር ነጥብ ቅጠሉ ላይ ይወጣል፣ ከቅጠሉ ወደ ፍሬው ይሻገራል፣ ፍሬውም ሳይሞላ ይረግፋል። ቀድሞ የነበረን ዓይነት ይህን በሽታ እንደ ዘመድ ነበር የሚቀበለው። በኋላ እርጥበት ይችላል የተባለለት አዲስ ዓይነት መጣ። «ተባለለት» የሚለው ቃል ለእኔ ብዙ ዋጋ የለውም። የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ሻጭ ዕቃውን ሲያመሰግን እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ስለዚህ አዲሱንና ነባሩን ጎን ለጎን ተክለን ልናወዳድር ሦስት ቦታ መረጥን። ኮሶዬ ላይ የተተከሉት ብርዱ ጉልበት ነሥቷቸው ከጉልበት ከፍ ሳይሉ ቀሩ። ጠዳ ላይ የተተከሉትን ደግሞ የጎረቤት ፍየሎች ቀድመውን ገመገሟቸው፤ ቅጠሉም ቅርፊቱም ሳይቀር ስለተበላ ውጤቱ ከፍተኛ ነበር ማለት ይቻላል። የቀረን እንፍራንዝ ነበር። ደግነቱ ለዚህ ፈተና ከእንፍራንዝ የተሻለ ቦታ አልነበረንም። ክረምት ሲገባ የጣና ጉም ወደዚያ ሰፈር ወጥቶ ይተኛል፤ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ቀናት ይቆጠራሉ፣ በር ሥር ያደረ ጫማ ሻጋታ ያበቅላል።

እዚያ ቦታ የሰጡን ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ናቸው። ባልየውን «አያ» እላቸዋለሁ፣ ሚስትየዋን «እማማ»። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። ከቤታቸው ጀርባ በአጥሩ ጥግ አንድ ለም ቦታ ነበረች፤ አያ ባህር ዛፍ ሊተክሉባት ጉድጓድ መቆፈር ጀምረው ነበር። እማማ ባህር ዛፍ አይወዱም። ውሃቸውን እንደሚሰርቃቸው ሌባ ነው የሚያዩት። እኔ ችግኞቼን ይዤ ስደርስ ክርክሩ ገና አልበረደም ነበር።

«ይኸ ዛፍ ፍሬው ይበላል?» አሉኝ እማማ።

«ይበላል።»

«መቼ ይደርሳል?»

መዋሸት አልፈለግኩም። «ዓመታት ይፈጃል እማማ። ቶሎ ቢባል እንኳ ዓመታት ነው።»

አያ በዶማቸው ላይ ተደግፈው ሳቁ። «እስከዚያ እኛ የት አለን? ማን ሊበላው ነው?»

«እኔው ነኛ!» አሉ እማማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ከንፈራቸውን ገለጥ አደረጉና የቀሯቸውን ጥርሶች አሳዩኝ። «እኒህ ሳይረግፉ ይድረስልኝ እንጂ፣ ሌላ ምን ቸገረኝ ልጄ!»

ጉድጓዶቹ ለእኛ ሆኑ። አያ እያጉረመረሙም ቢሆን የሾህ አጥር አጠሩላቸው፤ የጠዳን ፍየሎች ታሪክ ነግሬያቸው ስለነበር አጥሩ ጅብም አያስገባም። ውሃ የሚያጠጡት ግን እማማ ነበሩ። ወሬው መንደሩን ሁሉ ዞረ። ገበያ መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሰው ከሰላምታው ቀጥሎ «ማን ቀደመ፣ ዛፉ ወይስ ጥርሱ?» ይላቸዋል። «እየተሯሯጡ ነው» ይላሉ፣ ሳይናደዱ። እኔም በሄድኩ ቁጥር ሥርዓታችን አንድ ነበር። መጀመሪያ እኔ ዛፉን አያለሁ፣ ቀጥሎ እማማ አፋቸውን ከፍተው ያሳዩኛል። አንድ ጊዜ ሲከፍቱ ከፊት ጥርሶቻቸው አንዷ የለችም። «አትደንግጪ» አሉኝ፣ «እሷ ድሮም ሥራ ፈት ነበረች።»

እንዲህ እንዲህ እያልን ዛፎቹ ከአያ ቁመት አለፉ። አንድ ዓመት በበልግ አበቡ፤ አዲሱም ነባሩም። በደስታ ወደ ቢሮ ስመለስ አለቃዬ የጠበቁኝ በሌላ ወሬ ነው። የሙከራው ጊዜ አልቋል። የዘንድሮው ምርት ይመዘናል፣ ተሰብሮም ከሙሉው ክብደት ምን ያህሉ የሚበላ እንደሆነ ይለያል፤ ይህ ካልተገኘ ወይም በሽታው ከታየ ሙከራው ይዘጋል። ሲዘጋ ደግሞ ዛፎቹ ይቆረጣሉ። ያልተረጋገጠ የውጭ ዛፍ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ተትቶ በሽታ እንዲያራባ አይፈቀድም። ሕጉ ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን ሌላ ሕግ አላወጣም ነበር። ግን ያን ቀን ትክክለኛ ሕግ ሆድ እንደሚያባባ አወቅኩ።

ሰኔ ላይ ሄጄ ነገርኳቸው። እማማ ነጠላቸውን አጣፉና «ጥቁሩ ነጥብ ከወጣበት ይቆረጣል ነው የምትዪኝ?» አሉ።

«አዎ እማማ።»

ከቤታቸው ማዶ ኮረብታው ላይ ወዳለው የቤተ ክርስቲያን ጫካ ለረጅም ጊዜ አዩ። እኔ ዝናቡን የሚያዩ መስሎኝ ነበር።

ክረምቱ እንደ ስሙ ሆነ። ጉሙ ከጣና ወጥቶ ተኛ፤ ቶሎ አልነሣ አለ። ነባሩ ዛፍ ብዙም ሳይቆይ እጁን ሰጠ፤ ቅጠሉ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት መሰለ። እኔ አዲሱ ዛፍ ሥር በጃንጥላ ቆሜ፣ ቅጠል በቅጠል እየገለበጥኩ፣ በማጉያ መስታወት ነጥብ እፈልጋለሁ። እማማ ጆንያ ተከናንበው ከኋላ ከኋላዬ ይሄዳሉ።

«ምነው ልጄ፣ ባትፈልጊውስ?» አሉኝ አንድ ቀን። «ካልጠሩት አይመጣ ይሆናል።»

«ሥራዬ መፈለግ ነው እማማ።»

«እንግዲያው ቶሎ ቶሎ ፈልጊ።»

ፈለግኩ፤ አጣሁ። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ፣ መስከረም ጠባ፤ አዲሱ ዛፍ ቅጠሉም ገና አረንጓዴ የነበረው ፍሬውም እንደታጠበ ሳህን ንጹሕ ነበር። እማማን አቅፌ ሳምኳቸው። ወዲያው ግን የቢሮ ሰው መሆኔ ትዝ አለኝና ማስጠንቀቂያዬን ደረደርኩ። ፍሬው ደርሶ ቅርፊቱን የሸፈነው አረንጓዴ ልጥ ሲሰነጠቅ እመጣለሁ፤ እስከዚያ አንድ ፍሬ እንዳይነካ፣ አንድም እንዳይቀመስ፤ ሁሉም እንዳለ መመዘን አለበት።

እማማ በጣም ተስማሙ። «እንዴታ! ሳይቀመስ ነው እንጂ ወጉስ» አሉ።

እንዲህ የገባው ገበሬ አይቼ አላውቅም ብዬ ሙሉውን መንገድ እየተደሰትኩ ተመለስኩ።

ኅዳር ላይ ፍሬው መድረሱን አያ በጎረቤት ስልክ ነገሩኝ። የቢሮው ሚዛን ተበላሽቶ ስለነበር የእናቴን ለመንኳት። የእናቴ ሚዛን ባለ ሁለት ሳህን የነሐስ ሚዛን ነው፤ ከሱቁ እኩል ዕድሜ አለው። በጨርቅ ወልውላ፣ በፎጣ ጠቅልላ፣ እንደ ሙሽራ አስረከበችኝ። «ዛፍሽ ቢጠፋ ሌላ ይተከላል» አለችኝ፣ «ይኸ ግን አይበቅልም።»

የሄድኩት የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ቀኑን የመረጥኩት አስቤበት ነው፤ በበዓል ቀን ገበሬ እርሻ አይወጣም፣ ቤቱ አገኘዋለሁ ብዬ። በበዓል ቀን ገበሬ ቤቱ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን እንደሚገኝ ግን አላሰብኩም። ሚኒባሱ ውስጥ ሚዛኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ስሄድ ሰው ሁሉ ምን ልሸጥ እንደሆነ ጠየቀኝ። ዛፍ እንደምጠብቅ ነገርኳቸው።

ስደርስ አያ አዲስ ጋቢያቸውን እየተከናነቡ ከበር ሲወጡ አገኘኋቸው። ሰላም ብያቸው በቀጥታ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ነባሩ ዛፍ ጠቋቁሮ የደረቀ ፍሬውን እንደያዘ ቆሟል። አዲሱ ዛፍ ላይ ግን አራት ቦታ የተከፈተ ባዶ ልጥ ብቻ ነው ያለው። ታች አየሁ፤ ታችም የለም።

«አያ! ፍሬው የት ሄደ?»

«ገባ!» አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ።

«የት ገባ?»

«ለሚካኤል ነዋ! ተስላ ነበር እኮ። ክረምቱን ያለ ጥቁር ነጥብ ካሻገርህልኝ በኩራቱ ያንተ ነው ብላ። ይኸው አሻገረላት። ትናንት ለቀምነው፣ ዛሬ በእንቅብ ተሸክማ ማልዳ ሄደች። እንዳልሽን አንድም አልቀመስንም!»

በኩራት የሚሰጥ ሰው ለራሱ ሳይቀምስ ነው የሚሰጠው፤ ጎንደር ተወልጄ ይህን አላውቅም ልል አልችልም። እኔ «አይቀመስ» ስል ለሚዛኑ ነበር፣ እማማ «አይቀመስ» ሲሉ ለስለታቸው፤ ሁለታችንም ያንን ሁሉ ጊዜ በደንብ ተስማምተን ኖርን። ሚዛኔን አነሣሁና አያን ተከትዬ ዳገቱን ወጣሁ።

ቅዳሴው አላለቀም ነበር። ከግቢው በር ውጭ አንድ ወይራ ሥር ተቀመጥኩ። ታቦቱ ወጥቶ ዞሮ ገባ፤ እልልታው እኔ ጋ ደርሶ ይመለሳል። ሰው መውጣት ሲጀምር እማማ ከሴቶቹ መሃል ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። እንደዚያ ቀን አምረው አይቻቸው አላውቅም። እኔን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉ፤ ወዲያው ዓይናቸው ሚዛኑ ላይ አረፈ።

ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ፍሬው ካልተመዘነ ዛፉ ደህና ስለመሆኑ ማስረጃ የለኝም። ማስረጃ ከሌለኝ ሙከራው ይዘጋል። ቀጥሎ ያለውን አላልኩም፤ እሳቸው ያውቁታል።

«ወየው!» አሉ። «ታዲያ በገዛ እጄ ቆረጥሁት በዪኛ!» ነጠላቸውን ሰብስበው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ያን ያህል ዓመት ውሃ የተሸከሙ ሴት ናቸው። እንዲያ ሆነው ሳያቸው፣ ምነው ስለ ፔካን ምንም ሳላውቅ የቅመም ሱቃችን ውስጥ በቀረሁ ብዬ ተመኘሁ።

ሰው ተሰበሰበ። በዚህ መሃል የደብሩ ቄስ መጡ፤ ሸምገል ያሉ፣ ፊታቸው የማይስቅ ንግግራቸው ግን የሚስቅ ሰው። መስቀላቸውን ለማሳለም ወጣ ሊያደርጉ ሲሉ ሂጃቤን አዩና በምትኩ እጃቸውን ሰጡኝ። ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው።

«ልጄ፣ የተሰጠ አይመለስም» አሉኝ። «በእናንተስ ሰደቃ ወጥቶ ይመለሳል?»

«አይመለስም አባ።»

«በዚህ ተስማማን። አሁን አንቺ የምትፈልጊው ልትበዪው ነው?»

«አይደለም። ልመዝነው ነው።»

«መመዘን መውሰድ ነው?»

«አይደለም።»

«ከተመዘነስ ወዲያ?»

«ይሰበርና ፍሬው ለብቻ፣ ቅርፊቱ ለብቻ ይመዘናል።»

«ፍሬው የበዓሉ ነው፤ ለሕዝቡ ይታደላል። ቅርፊቱን ግን ሚካኤል ምን ያደርግለታል? እሱን ውሰጂ።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ አእምሮዬ ሱቃችን ውስጥ ነበር። እናቴ የገጠር ማር ስትቀበል ማሩን ከቅሉ ጋር ትመዝናለች፣ ማሩ ሲገለበጥ ባዶውን ቅል ትመዝናለች፤ ማሩን ለብቻው አንሥታ መዝና አታውቅም። እኔም ሙሉውን ልመዝን፣ ከዚያ ቅርፊቱን ልመዝን፤ ልዩነቱ ሕዝቡ የበላው ነው።

«አባ፣ ይበቃኛል!» አልኩ። ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ አንድ በቅሎ ደነበረ።

እንቅቡ ከደጀ ሰላሙ ወጥቶ ወይራው ሥር ተቀመጠ። ሚዛኑን ከቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩት። ሙሉው ሲመዘን ጸጥታው ቅዳሴው የቀጠለ ያስመስል ነበር። ከዚያ ቄሱ እኔ ያስረዳኋቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ወጡና አወጁ። «በረከቱን እየሰበራችሁ ብሉ። ቅርፊቱን ግን የሚጥል እንዳይኖር! ውስጡ ያለችው መራራ ልጣጭም ሳትቀር ወደዚህ እንቅብ ትመለስ። ቅርፊት የደበቀ የእማማን ዛፍ እንደቆረጠ ይቆጠራል።»

ሁለት ፍሬ መዳፍ ውስጥ አድርገው ሲጨምቁት አንዱ ሌላውን እንደሚሰብረው አሳየኋቸው። ግቢው በር ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሞላ። መጀመሪያ የቀመሰው አንድ ጎልማሳ ነበር፤ አኘከ፣ ቆም አለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ሸጋ ነው» አለ፣ «ግን ያቃጥላል።»

«ያቃጥላል?»

ሁለተኛዋ ሴትዮ ቀምሳ አስነጠሳት። ሦስተኛውም እንደዚያው። ፔካን ስለማቃጠሉ የተጻፈ ነገር አላውቅም። ኋላ ነው ሳህኑን አንሥቼ ያሸተትኩት። የእናቴ ጨርቅ የላይ የላዩን ወልውሎ ነው እንጂ፣ ስንት ዘመን የተመዘነበት በርበሬ ነሐሱ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ፍሬው በሳህኑ ሲያልፍ ቅርፊቱ በርበሬ ለበሰ፣ ከቅርፊቱ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ። እጃቸውን በውሃ አለቅልቀው እንደገና ቀመሱ። ያኔ ፊቶች ሁሉ ተፈቱ።

«ለውዝ ነው» አለ አንዱ።

«ለውዝ እንዲህ አይለሰልስም» አለችው ጎረቤቱ።

ቄሱ በዝግታ አኝከው ዋጡና ፍርዳቸውን ሰጡ። «ይኸ ቅቤ ነው። የጾም ቅቤ።» የነቢያት ጾም ሊገባ ስለነበር ይህ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት።

ችግር የመጣው በረከቱን ለታመመና ለቀረ ሰው ሳይሰበር ሊወስዱ በፈለጉ ሰዎች ነው። እምቢ ማለት አይቻልም። ስለዚህ የሚወሰደው ፍሬ ሁሉ በሚዛኑ ላይ እያለፈ ከሙሉው እንዲቀነስ ሆነ። አሮጊቶች ተሰልፈው በየነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯትን አንዳንድ ፍሬ እየፈቱ ሳህኑ ላይ ያኖራሉ፣ አንሥተው መልሰው ይቋጥራሉ። አንዲቷ «በዪ በደንብ መዝኚ፣ ኋላ ወሰደች እንዳልባል» አለችኝ። እናቴ በዚያ ቀን ብታየኝ፣ ሱቁ ወደ እኔ አለመተላለፉን ትጠራጠር ነበር።

በመሃል አንዲት ሴት የተፈለቀቀ ፍሬ በመዳፏ ይዛ «አንቺስ አልቀመስሽ» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን የገባ ነገር ለእኔ አይሆንም፤ እሷን ማሳዘንም አልፈለግኩም። ቄሱ ወዲያ ሆነው ሰምተዋል። «ተዪያት» አሉ፣ «መዛኝ አይበላም።» ሴትዮዋ ነገሩ ገብቷት ፈገግ አለችና ፍሬውን ለልጇ ሰጠች።

እማማም አልቀመሱም። «የሰጠሁትን መልሼ?» አሉኝ። እንቅቡ አጠገብ ተቀምጠው የሚመለሰውን ቅርፊት ይጠብቁ ነበር፤ የወደቀች ስባሪ ካዩ ጎንበስ ብለው ያነሣሉ። በመጨረሻ ቅርፊቱን ስመዝን ሳህኑ ከጠበቅኩት ይልቅ ብዙ ቀለለ። ከግማሽ የሚበልጠው ፍሬ ነበር ማለት ነው። ወደ እማማ ዞሬ ራሴን ነቀነቅኩ። እማማ እልል አሉ፤ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ሰዉ ሁሉ ተከተላቸው።

አለቃዬ ነገሩን ስነግራቸው ልዩነቱን ደጋግመው አሰሉት፤ ስህተት አላገኙበትም። ፍሬ ቀምሶ እንዲፈርድልን የምንጠራው ሰው ከዚህ በፊት ያን ያህል ሆኖ አያውቅም። ዛፉ እንዲቆይ፣ ከርሱም ቅርንጫፍ እየተቆረጠ ሌላ ግንድ ላይ እየተሰካ እንዲባዛ ወሰኑ። ከወንበራቸው ሲነሡ ግን አንድ ጥያቄ ቀረቻቸው።

«ጣዕሙ ላንቺ እንዴት ነው?»

«አልቀመስኩትም» አልኳቸው።

«ስንት ዓመት ሙሉ ጠብቀሽ?»

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ቅር አለኝ እንጂ ምን እላለሁ፤ ለዓመታት ያየሁትን ፍሬ ጣዕሙን ከሰው አፍ ሰምቼ ቀረሁ።

የምሥራቹን ለማድረስ እንደገና ወደ እንፍራንዝ ስሄድ ጾሙ ገብቶ ነበር። እማማ ደጃፋቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። አልተቆረጠም፣ አይቆረጥምም ስላቸው ሰማዩን አዩ፣ ዛፉን አዩ፣ አያን አዩ። ከዚያ መቀነታቸውን ፈትተው ከቋጠሮው አንድ ፍሬ አወጡ።

«የዛፉ ጫፍ ላይ ቅጠል ሸፍኖት ልጡ ሳይሰነጠቅ ቀርቶ ነበር» አሉ። «ከስለቱ ወዲያ በራሱ ጊዜ ወደቀ። ይኸ ከተሰጠው ውስጥ የለም። የማንም አይደለም፤ ያንቺና የኔ ነው። አንቺ ሳትመጪ አልሰብርም ብዬ ይዤ ተቀምጫለሁ።»

«ይስበሩታ» አልኩ።

«ገና ዘጠኝ ሰዓት መች ሆነ! እኔ ጾመኛ ነኝ። አንቺ ያንቺን ብዪ።»

«አብረን ነው።»

ተቀምጠን ጠበቅን። ዛፍ ጠብቄ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ጊዜ የቆመብኝ የለም። አያ ጥላውን እየለኩ ይመላለሳሉ፤ «ደርሷል» ይላሉ፣ እማማ «አልደረሰም፣ ፀሐይ አይግፉ አንቱ» ይሏቸዋል። ሲደርስ አያ በድንጋይ ቀስ አድርገው መቱት። ቅርፊቱ ተከፈተ፤ ሁለቱ ገጾች ሳይሰበሩ ወጡ። እማማ አማተቡና አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለራሳቸው አደረጉ። እኔ ቢስሚላህ ብዬ ጎረስኩ። ልክ ነው፣ ቅቤ ነው፤ ኋላ ላይ ደግሞ እንደ ጭላጭ ማር የምትቀር ጣፋጭ ነገር አለችው። እማማ ግን አልቸኮሉም። ግማሹን ነክሰው በቀሩት ጥርሶቻቸው በአንድ በኩል አዝግመው አኘኩ። ጉንጫቸው ሲንቀሳቀስ እኔም አያም ዓይን ዓይናቸውን እናያለን።

«በላሁት» አሉ።

አያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለኔስ?»

«አንቱማ ባህር ዛፍዎን አይጠብቁም!» አሉና ሳቁ፤ ስቀው ሲያበቁ የቀረችውን ቁራጭ በጣታቸው አፋቸው ውስጥ አደረጉላቸው። አያ አኘኩ፣ ዋጡ፣ ምላሳቸውን ጥርሳቸው ላይ አዞሩ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጓሮ ሄዱ። በአጥሩ በወዲያኛው ጥግ ያለችውን ባዶ ቦታ በእግራቸው መታ መታ ሲያደርጉ ከተቀመጥንበት ይታያሉ።

«ልጄ!» ብለው ተጣሩ። «ሌላ ችግኝ አይገኝም?»

«ይገኛል አያ። ለማን ነው?»

ዶማቸውን ከግድግዳው ላይ አነሡ።

«ለኔ ነዋ!» አሉ።